በመሰንቆና በበገና መካከል

ቦሌ በአማርኛችን የአንድ ሰፈር ስም ብቻ ሆኖ አልቀረም። «በቦሌም ሆነ በባሌ» የሚለው አነጋገር ከአገር መውጣትን ቆርጦ የተነሣ ትውልድ ያፈለቀው ነው፤ በቦሌ በአውሮፕላን፣ በባሌ በእግር፣ መንገዱ የትም ይሁን የት መሄዱ አይቀርም ማለት ነው። አነጋገሩ ስለ መውጫው በር አጥብቆ ይናገራል፤ ከበሩ ባሻገር ሰው ምን ሆኖ እንደሚኖር ግን አይተነፍስም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው አነጋገሩ ዝም ባለበት በዚያኛው ወገን ላይ ነው። ለመሆኑ በሕዝብ ፊት ቆሞ የኖረ ከያኒ መድረኩን፣ ባልደረቦቹንና አድማጩን ባጣ ጊዜ ከያኒ ሆኖ ይቀጥላልን? ወይስ ከያኒነት እንደ ሹመት ሁሉ ከወንበሩ ጋር የሚቀር ነገር ነው?

ጥያቄውን በባዶ አየር ላይ እንዳንሰቅለው በታወቀ ታሪክ ላይ እናቁመው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተመሠረተውና ስሙን ከብርቅዬው የዋልያ አይቤክስ የወሰደው ዋልያስ ባንድ ለዓመታት መድረኩ የሂልተን ሆቴል ነበር። በሰዓት እላፊው ዘመን አዳር የገባ ተመልካች እስኪነጋ ከሆቴሉ መውጣት አይችልምና ባንዱም ሌሊቱን ከአድማጩ ጋር ያነጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተሰኘው የባንዱ ሸክላ ድምፃዊ ሁሉን ነገር በሆነበት ዘመን የሙዚቃ መሣሪያ ብቻውን መናገር እንደሚችል ያስመሰከረ ሥራ ነው። የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ፣ በቫይብራፎን የተሳተፈው ሙላቱ አስታጥቄ፣ የ«ሙዚቃዊ ስልት» ደራሲ ግርማ በየነ በአንድነት የተገኙበት ሥራ ነበር። የውጭ አገር ሐያስያን ኋላ ይህን ድምፅ ሲሰሙ «ሳይኪደሊክ» አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በለንደንና በሳን ፍራንሲስኮ የተነሣውን፣ አእምሮን በቅዠት መሰል ድምፅ የሚያናውጠውን የሮክ ሙዚቃ ስለመሰላቸው ነው። መሣሪያው የጋራ መሆኑ አይካድም፤ ቅኝቱ ግን ከትዝታና ከአምባሰል፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ የተቀዳ የእኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ለሥራ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኃይሉና ግርማ ካሉባቸው አራት አባላት መካከል ግን የተመለሰ አልነበረም። የቀሩት ዙላ ባንድ የተባለ ቡድን አቋቁመው ጥቂት ዘመን ሠሩ፤ ኋላም ተበተኑ። እዚህ ላይ አንዳንዱ «ጥለው ሄዱ» ብሎ ይፈርዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ «አመለጡ» ብሎ ያመሰግናል። ሁለቱም ፍርድ ከቦሌና ከባሌ አነጋገር ያልተሻገረ፣ ሰውን በሩ ላይ አቁሞ የሚመዝን ፍርድ ነው። መውጣት ክህደት፣ መቅረትም ታማኝነት የሚሆነው እንዲሁ በደፈናው አይደለም፤ የሚመዘነው ሰው ባለበት ቦታ በሚሠራው ነው።

ምዕራባውያን ባንዱን ጥሎ የወጣ ሙዚቀኛን የሚያዩበት የራሳቸው ዓይን አላቸው። ሲድ ባሬት የተባለው የፒንክ ፍሎይድ መሥራች እ.ኤ.አ. በ1968 ከቡድኑ ተለየ፤ በ1970 ሁለት አልበሞች አሳተመ፤ ከዚያም ወደ ተወለደባት ወደ ካምብሪጅ ተመልሶ ሥዕል እየሣለና አትክልት እየኮተኮተ ኖሮ በ2006 ዐረፈ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የዘለቀውን ያን ጸጥተኛ ኑሮ አድናቂዎቹ እንደ ረጅም ሞት ቆጠሩት። መድረክ ላይ ያልታየ ሰው እንዳልኖረ መቁጠር ገበያው ያስተማረው ሚዛን ነው። የሚሣል ሰው ግን ሠዓሊ ነው፤ ሥዕሉን ያየው ሰው ቢኖርም ባይኖርም። የእኛው ታሪክ ይህን ነጥብ ይበልጥ ያጠራልናል፤ ምክንያቱም ከመድረክ ያራቀው የአእምሮ ሕመም ወይም ምሥጢራዊ ብሕትውና ሳይሆን የዕለት እንጀራ ነው።

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ አንድ ካሴት ቀረጸ። በልጅነቱ የተማረውን አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶችና ከምት መሣሪያ ጋር አዋህዶ፣ ባንድ ሙሉ የሚሠራውን ብቻውን ሠራው። ዙላ ባንድ ከተበተነ በኋላ ግን ከመድረክ ርቆ ለብዙ ዓመታት የታክሲ ሹፌር ሆኖ በዋሽንግተኑ የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ሲያመላልስ ኖረ። ከቦሌ የሚነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ የሚያርፈውም በዚሁ በደለስ ነው። በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ ይዞ ይዞር ነበር፤ ተራው እስኪደርስ ድረስ እያወጣ ይለማመዳል፤ ተራው ሲደርስ መልሶ ይከታል። አጨብጫቢ የለም፤ ከፋይ የለም፤ የነገ መድረክ ቀጠሮም የለም። ታዲያ ይህን ልምምድ ምን እንበለው? ትዝታ ማስታመም ነውን? ወይስ ሥራ?

መልሱን ከራሳችን ባህል መፈለግ ይቻላል። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ሲቆም አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜማል። በዚህ ጥበብ ውስጥ አድማጭ ተመልካች ብቻ አይደለም፤ ግማሽ ደራሲ ነው። እርሱ ከሌለ መሰንቆው ቢኖርም ጨዋታው የለም። ባለ ዐሥር አውታሩ በገና ግን ሌላ ሥርዓት አለው። ደርዳሪው በሁዳዴ ጾም ለብቻው ተቀምጦ፣ በለሆሳስ፣ ለፈጣሪውና ለገዛ ነፍሱ ይደረድራል። በሩ ላይ ቆሞ የሰማ ቢኖር ታደለ፤ ባይኖር የጎደለ ነገር የለም። እንግዲህ ሁለት የከያኒነት ትርጉም አለን ማለት ነው፤ በመቀባበል የሚኖርና በጽሞና የሚኖር። የሂልተኑ ኃይሉ የመሰንቆው ወገን ነበር። የደለሱ ኃይሉ ያንኑ ኪቦርድ ወደ በገና ለወጠው። መሣሪያው አልተቀየረም፤ ሰውየውም አልተቀየረም፤ የተቀየረው ጥበቡ ከዓለም ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ስለዚህ አድማጭ ያጣ ከያኒ ከያኒ ነውን ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ፦ አዎን፣ መሥራቱን እስካልተወ ድረስ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን መልስ ይዘን ቸኩለን ሕግ ብናደርገው በሌላው ሰው ላይ ግፍ እንሠራለን። ግርማ በየነ ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር የዓለም–ግርማ ባንድን የመሠረተ፣ ፒያኖ ተጫዋች፣ ድምፃዊ፣ ከሁሉም በላይ የሙዚቃ አቀናባሪ ነው። እርሱም በአሜሪካ በነዳጅ ማደያ እየሠራ ኖረ፤ ለረጅም ዘመንም ከሙዚቃ ርቆ ዝም አለ። «ኃይሉ ታማኝ ነበር፤ ግርማ ግን ተስፋ ቆረጠ» እንበልን? አንልም። የአቀናባሪ መሣሪያው ፒያኖው ሳይሆን ሰዎቹ ናቸው፤ ትራምፔቱን የሚነፋ፣ ሳክስፎኑን የሚመልስ፣ ከበሮውን የሚመታ ሰው ከሌለው አቀናባሪ ግንበኛ የሌለው መሐንዲስ ነው። የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርድ ይይዛል እንጂ ባንድ አይዝም። በገናነት የማይቻልባቸው ጥበባት አሉ፤ ተውኔትም እንዲሁ ነው፣ ጭፈራም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዝምታ ሁሉ የፈቃድ ድካም አይደለም፤ አንዳንዱ ዝምታ የሌሎች አለመኖር ድምፅ ነው። ለዚህም ምስክር አለ፤ ግርማ አካሌ ዉቤ የተባለውን የፈረንሳይ ባንድ ከጎኑ ባገኘ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2017 የ«ኢትዮፒክስ» ሠላሳኛ ቅጽ ሆኖ የወጣውን ሥራ ሠራ። ሰዎቹ ሲመጡ ሙዚቃውም መጣ።

ከዚህ ላይ ሁለተኛው መልስ ይወለዳል። ጥበብን ጠብቆ መኖር የከያኒው ግዴታ ነው፤ መቀበል ግን የኅብረተ ሰቡ ግዴታ ነው። አንዱ ግዴታውን በመወጣቱ ሌላው ከዕዳው ነጻ አይሆንም። የኃይሉ ካሴት ዳግም የተገኘው በቤተ መዛግብት መደርደሪያ አልነበረም፤ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሸክላ አሳታሚ በባሕር ዳር ካሴት ሲገዛ ያገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም በስድሳዎቹ ዕድሜው በዓለም መድረኮች ላይ ወጣ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አሳተመ። ሊወጣ የቻለው ጣቶቹ ስላልዛጉ ነው፤ ይህ የእርሱ ድርሻ ነበር። ካሴቱን ያቆየው ደግሞ የክፍለ ሀገር ካሴት ሻጭ ነው፤ ይህ የማን ድርሻ መሆን ነበረበት?

ይህን ታሪክ «ትዕግሥት ፍሬ ያፈራል» ብሎ መዝጋት ደስ ይላል፤ ግን ሐሰት ነው። ትዕግሥት ኖሮት፣ ኪቦርዱን በየማለዳው እያወጣ፣ ካሴቱ ያልተገኘለትን ሰው ታሪክ አንጽፈውም፤ ስላልሰማነው። የተገኘውን አንድ ሰው እያወደስን ቸልተኝነታችንን በእርሱ ጽናት ብናለብሰው ውዳሴያችን ራሱ ሽሽት ይሆናል። ደግሞም ጥፋቱ ታክሲ መንዳቱ አይደለም። በላቡ የሚያድር ሰው ተዋርዷል የሚል አስተሳሰብ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና አዝማሪውን ራሱን ሲያቃልል የኖረ የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ነው። መሪውም ኪቦርዱም በአንድ እጅ የተያዙ ሥራዎች ናቸው። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ መንገደኛ ሁሉ አጠገቡ ያለውን ማወቅ የሚችልበት መንገድ አለመኖሩ ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስለን። ዛሬ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ሃያ ሁለት፣ ከገርጂ እስከ ሲ.ኤም.ሲ. በየሆቴሉና በየሰርግ አዳራሹ አንድ ወጣት ኪቦርድ ላይ ተቀምጦ የከበሮውንም፣ የቤዙንም፣ የመለከቱንም ድርሻ ብቻውን ሲሸከም እናያለን። እራት በላተኛው አንገቱን አዙሮ አያየውም፤ ስሙንም የሚጠይቅ የለም። ይህ ወጣት በሺህ ሰው መካከል ሆኖ በገና የሚደረድር ሰው ነው፤ ወዶ ሳይሆን ተገዶ። ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ከሚጫወትበት አዳራሽ ብዙ አይርቅም። ለዚህ ወጣት የኃይሉን ታሪክ ስንነግረው «አንተም ታገሥ» ብቻ ካልነው ግማሹን እውነት ሰረቅንበት ማለት ነው።

ስለዚህ የመቀበል ግዴታ ምን እንደሆነ በተግባር እንናገር። መምህሩ ዘፈን ሲያስተምር የድምፃዊውን ስም ብቻ ሳይሆን የዜማ ደራሲውን፣ የአቀናባሪውንና የተጫዋቾቹን ስም ጭምር ያስተምር። የባህል ሠራተኛው በየከተማው ባሉ የካሴት ሱቆች የቀረውን ሳያልቅ ይመዝግብ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪዎችና ለከዋኞች መብት ሰጥቷል፤ መብቱ ከወረቀት ወደ ኪስ እንዲደርስ ማኅበራት ይትጉ። ለአቀናባሪዎች ባንድ የሚያገኙበት መድረክ ይኑር፤ ብቻውን ሊሠራ የማይችል ጥበብ ብቻውን እንዲጸና አይፈረድበትምና። አድማጩም በእራቱ መካከል አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ተጫዋቹን ስምህ ማነው ይበለው።

ከያኒ ማንም ባይሰማው በገናውን መደርደር አለበት፤ ይህን ከእርሱ መጠየቅ ይገባናል። ለመጠየቅ የሚበቃው ግን «ተቀበል» ለማለት አፉን የከፈተ ኅብረተ ሰብ ብቻ ነው።