የአሥራ አንደኛው ሰዓት ተማሪዎች



በማለዳ አሞራ ገደል የተገኘ ሰው ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ መረቡ ሲራገፍ፣ ቆሮሶው ከአምባዛው ሲለይ ይመለከታል። አባ ኮዳዎቹ ትራፊ ይጠባበቃሉ። በመካከላቸው ቢላዋ ይዘው ዓሣ የሚያጸዱ ልጆች አሉ። እኛም ከቅዳሴ መልስ ዓሣ ስንገዛ «ትማራለህን?» ብለን መጠየቅ ልማዳችን ነው። «ማታ እማራለሁ» ሲለን «ጎበዝ፣ በርታ!» ብለን፣ ሒሳባችንን ከፍለን፣ ልባችን አርፎ እንሄዳለን። ልባችን ማረፍ ነበረበትን?

የማታ ትምህርት በአገራችን የሚናቅ ታሪክ የለውም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ሲዳምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች፣ ትምህርት ቤት ደርሶ የማያውቀውን ሕዝብ ፊደል አስቆጥሯል። (ግዴታው የከበደበት ሰው እንደነበረም አንዘነጋም።) የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማታ መርሐ ግብርም ለብዙዎች በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ በሩ አንድ ሆኖ ሳለ ወደ ውስጥ የሚያገባው አገባብ አንድ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መንግሥት እስከ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወጪውን እንዲሸፍን ሲያስቀምጥ፣ የማታው ተማሪ በብዙ ቦታ ከኪሱ እየከፈለ ተምሯል። ቀን የሠራውና የደከመው እርሱ ሳለ ከፋዩም እርሱ ሆነ። መምህሩ ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር ውሎ ይመጣል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ብዙ ጊዜ ተቆልፏል፤ መብራት ይጠፋል፤ ሴቷ ተማሪ ደግሞ ወደ ቤቷ የምትመለስበትን ጨለማ ታስባለች። አገር አቀፉ ፈተና ግን በምን ብርሃን እንደተጠና አይጠይቅም። በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ሁሉ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ቀን የተማረው እንዲህ ከሆነ የማታውን መገመት አያዳግትም።

«አማራጭ ትምህርት» የሚለውን ስያሜም እናስብበት። መምረጥ በሁለት ነገሮች መካከል ነው። እናቱን የሚረዳ ልጅ ማታን የመረጠው ከምን ጋር አነጻጽሮ ነው?

ጌታችን በወይን አትክልት ቦታ ምሳሌው ስለ አሥራ አንደኛው ሰዓት ሠራተኞች አስተምሮናል። በእኛ አቆጣጠር ይህ የማታው ተማሪ ደብተሩን የሚያነሣበት ሰዓት ነው። እነዚያ ሰዎች የቆሙት ስንፍና ይዟቸው ሳይሆን የሚቀጥራቸው በማጣታቸው ነበር፤ የተከፈላቸውም ሙሉ ዲናር እንጂ ከሌሎቹ የተረፈ ሳንቲም አልነበረም። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል? መምህሩስ በነጻ ያምሽን?» የሚለን ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የመምህሩም ላብ ዋጋ አለው። ነገር ግን ምጽዋት የሚለካው በተረፈን መጠን ሲሆን ዕዳ የሚለካው ባለብን ልክ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1965 ባወጣው የክርስቲያናዊ ትምህርት መግለጫ፣ ሰው ሁሉ በማናቸውም ሁኔታና ዕድሜ ሳለ የመማር መብት እንዳለው ሲያስተምር፣ ጉዳዩን ከዕዳ ወገን አስቀምጦታል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ትምህርታቸውን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቃል።

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ግን የራሳችንን መዝገብ እንግለጥ። በቁምስናችን የትምህርተ ክርስቶስ ሰዓት ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ከሐይቁ ዳር ልጆች ስም ትይዩ ለወራት «አልተገኘም» እያልን ጽፈናል፤ ስለ ትጋት ማነስም ሰብከናል። ሰዓቱ ለማታ መረብ የሚወጡበት መሆኑን የነገረን ዓሣ የምንገዛው ልጅ ነው።