የመዝገብ ነፍስና ሥጋ

አንድ ነገር መልኩ ሲለወጥ ባሕርዩም አብሮ ይለወጣልን? ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ስለ ትንሣኤ ሙታን ሲጽፍ ሥጋ እንደሚለወጥ፣ ሰውዬው ግን እንደማይጠፋ በማስተማር የመለሰውን ይህን ጥያቄ፣ ዛሬ በዋሽንግተን ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ የቦይንግ 737 አውሮፕላን በሚገጣጠምባት በሬንተን ከተማ በስደት የሚኖር ምእመን የአጥቢያውን የክርስትና መዝገብ ከአሮጌ የኮምፒውተር ፋይል ወደ አዲስ ለማዛወር በተነሣ ጊዜ እንደ ገና ያገኘዋል።

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚወጣው የክርስትና ስም በቅዳሴና በንስሐ፣ በመጨረሻም በጸሎተ ፍትሐት የሚጠራ ስለ ሆነ፣ በማዛወር ጊዜ አንዲት ፊደል ብትዛባ የሚበደለው ወረቀቱ ሳይሆን ሰውዬው ነው።

ፋይሉ በማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት ፕሮግራም በአክሰስ 97 የተጻፈ እንደ ሆነ መከራው ድርብ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ቦታ ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የፊደላችንን መልክ በላቲን ምልክቶች ላይ ያለብሱት ነበር፤ ስለዚህ ዓይን «ወለተ ማርያም» ብሎ ሲያነብ ማሽኑ የያዘው ሌላ ነው፤ ፎንቱ የጠፋ ዕለትም ስሙ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ሆኖ ይቀራል። የፎንት ሠሪዎቹም አቀማመጥ የተለያየ ስለ ነበር፣ ለዋጩ የዚያኑ ፎንት የፊደል ሠንጠረዥ በእጁ ሊይዝ ይገባዋል። ከ2013 ወዲህ ያለው አክሰስ ደግሞ የ97ቱን ፋይል አይከፍትም፤ አስቀድሞ በ2010ሩ ወይም ከዚያ በፊት በነበረው ማለፍ ግድ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ግን ከዚህም የረቀቀ አደጋ አለው። ጸሐፊው ጳጉሜን 5 ቀን 1990 ዓ.ም. የተጠመቀችን ሕፃን በቀን ዓምድ ውስጥ 13/5/1990 ብሎ ቢያስገባ፣ በአሜሪካ ልማድ የተሰናዳው አክሰስ 13ኛ ወር ስለማያውቅ፣ ምንም ሳያስጠነቅቅ ሜይ 13 ብሎ ይቀበለዋል፤ እውነተኛው ቀን ግን ሴፕቴምበር 10 ቀን 1998 ነው። የዚያኑ ዓመት ጥቅምት 30ን 2/30/1990 ብሎ ቢጽፍ አልቀበልም ይለዋል፤ በእኔ አስተያየት ይህ እምቢታ ከዚያ ዝምተኛ ሐሰት እጅግ ይሻላል፤ የተከለከለ ሰው ይጠይቃልና፣ የተታለለ ግን እንደ ተታለለ አያውቅም።

እንግዲህ ለመዝገቡ የትኛው ሥጋ ይመረጥ? ከሬንተን ሰሜን በሬድመንድ የሚገኘው ማይክሮሶፍት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 የገዛውን ፎክስፕሮ የተባለ ሌላ የመረጃ ቋት ፕሮግራም በ2015 ድጋፉን አቋርጦ ትቶታል፤ ባለቤት ያለው መያዣ ዕድሜው በባለቤቱ ፈቃድ እንደሚወሰን ከዚህ ይታወቃል። በዚሁ አቆጣጠር በ2000 ሪቻርድ ሂፕ የጀመረው ኤስኪውላይት የተባለው የመረጃ ቋት ግን ለሕዝብ የተለቀቀ፣ ሙሉ መዝገብን በአንድ ፋይል የሚይዝ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍትም ለረጅም ጊዜ ማቆያ ከሚመርጣቸው አንዱ ነው። ለቀን የተለየ ዓይነት የሌለው መሆኑን አንዳንዶች እንደ ጉድለት ይቈጥሩበታል፤ ለእኛ ግን በረከት ነው፤ 1990-13-05ን እንደ ጽሑፍ፣ የፈረንጁንም ቀን በሌላ ዓምድ፣ አንዱ አንዱን ሳያጠፋው እንድናኖር ይፈቅዳልና።

የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም ሲነሡ ፊልሙ ብራናውን እንዲተካ ማንም አላሰበም። የአጥቢያ ጸሐፊዎች ሆይ፣ እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ አዲሱን ዝርዝር አትማችሁ ወላጆችና የክርስትና አባቶችና እናቶች ስሙንና ቀኑን በየራሳቸው እያነበቡ እንዲያረጋግጡ ስጧቸው፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን አሮጌውን ፋይል ከነፎንቱ አትሰርዙት።