ከረመዷን በኋላ ወደ ጌሙ ስትመለስ



 

ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት፣ እዚህ ቆቦ ከመግሪብ ሶላት ስንወጣ አንድ ወጣት በር ላይ ጠበቀኝ። «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። ረመዷን ሊገባ ሲል ፐብጂን ከስልኩ አጥፍቶት ነበር። ወሩን ሙሉ አልነካውም። በዒድ ማግሥት ግን የስኳዱ ልጆች ደወሉለት፤ «ሦስት ሆነን ቀረን፣ ራንካችን ወረደ፣ ና እንጂ!» አሉት። መልሶ ጫነው። በዚያው ቀን ዐሱር አለፈው። «ሐራም ነው ሐላል? በአንድ ቃል ይንገሩኝ» አለኝ።

በአንድ ቃል አልመለስኩለትም። ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ጥያቄ በውስጥ መስመር ስለላካችሁልኝ ዛሬ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ እኔም ከዚህ ነገር ንጹህ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ኮምፒውተሮችን በኬብል አያይዘን፣ አምስት ለአምስት ተከፍለን ካውንተር ስትራይክ እንጫወት ነበር። ስናመሽ አድረን ሱብሒ ያለፈኝ ቀን አለ። ስለዚህ ምን እንደሚያጣፍጠው አውቃለሁ። ጓደኛህ ስምህን ጠርቶ «ከኋላዬ ጠብቀኝ» ሲልህ የምትፈለግ ሰው መሆንህ ይሰማሃል። ተኩሱ ቢሰለችህ እንኳ ይህ አይሰለችህም። ከወር በኋላ መልሶ የሚጠራህም በአብዛኛው እሱ ነው።

ወደ ብይኑ ስንመጣ፣ የዘመናችን ዑለማዎች በእንዲህ ዓይነት ጌሞች ላይ አንድ ቃል የላቸውም። ጨርሰው የከለከሉ አሉ፤ በመስፈርት የፈቀዱም አሉ። የፈቀዱት መስፈርት ግን ቀላል አይደለም። ዐቂዳን የሚነካ ነገር እንዳይኖረው ይላሉ፤ ለምሳሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ፐብጂ ሞባይል ተጫዋቹ ጣዖት ፊት ቆሞ ኃይል የሚቀበልበት ክፍል አስገብቶ ነበር፤ ሙስሊሞች ሲቃወሙ አነሳው። ቁማር እንዳይገባበት ይላሉ፤ ምን እንደሚወጣ ሳታውቅ ገንዘብ ከፍለህ የምትከፍተው ሳጥን ወደ ቁማር በር የቀረበ ነው። ምላስ በማይክ ላይ ስድብ እንዳይለምድ ይላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሶላትን እንዳያሳልፍ ይላሉ። የወንድማችን ጉዳይ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው።

«ለምን አቋርጠህ አልሰገድክም?» አልኩት። «ኡስታዝ፣ አንዱ ዙር እስከ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፤ ማቆሚያ የለውም። አራት ነን። እኔ ከወጣሁ ሦስቱ ይሞታሉ፤ ጓደኞቼን እንዴት ጥዬ ልውጣ?» አለኝ።

ወንድሞቼ፣ ይህን መልስ አትናቁት። ጓደኛን አለመክዳት ጥሩ ጠባይ ነው። ግን አንድ ነገር አብረን እንመልከት።

አላህ በሱረቱ-ኒሳእ 102ኛ አንቀጽ ላይ ስለ ፍርሃት ሶላት ያስተምረናል። ጠላት ፊት ለፊት ቆሟል። ፍላጻውም ሰይፉም እውነተኛ ነው፤ የሞተ ሰው ለሁለተኛ ዙር አይነሳም። በዚህ ሰዓት አላህ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ጦርነቱ እስኪያልቅ ሶላቱ ይቆይ» አላላቸውም። ሰሓባዎቹ ለሁለት እንዲከፈሉ አዘዘ፤ አንዱ ቡድን መሣሪያውን እንደያዘ ከነቢዩ ጋር ይሰግዳል፣ ሌላው ይጠብቃል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ቡድኑ ሳይፈርስ፣ ማንም ማንንም ሳይክድ ሶላቱ ተሰገደ። እንዲያውም አንዱ የሌላውን ጀርባ የጠበቀው እንዲሰግድ ብሎ ነው።

በኸንደቅ ዘመቻ ከበባው ጠንክሮ ዐሱር እስከ ፀሐይ መግቢያ ድረስ ሲያልፋቸው ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ያህል እንዳዘኑ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዐሱር ያለፈው ሰው ቤተሰቡንና ንብረቱን እንደተነጠቀ ሰው መሆኑንም ነግረውናል።

እንግዲህ እውነተኛው ጦር ሜዳ ለሶላት ጊዜ ካገኘ፣ ስልክ ውስጥ ያለው ጦር ሜዳ እንዴት አጣ? ፀሐይ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ልትገባ ስትል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ እንዳይሞት ብለን የራሳችንን ዐሱር እንገድላለን። ሰውዬው በሚቀጥለው ዙር ይነሳል። ያለፈው ዐሱር ቀዷእ ይወጣለታል፤ ወቅቱ ግን አይመለስም።

ሁለተኛ ጉዳይ አለ፤ ይህ በተለይ ለእኛ ለራያ ልጆች ነው። ከተማችን ጦርነትን በዜና አይደለም የምታውቀው። በ2013 ክረምት ደጃችን ድረስ መጣ፤ በነሐሴ 2014 ደግሞ ተመለሰ። አንዲት እናት የነገሩኝን ልንገራችሁ። ሌሊት ላይ ተኩስ ሰምተው ዘለው ተነሱ፤ ትንሿን ልጃቸውን ከመስኮቱ ሥር ጎትተው መሬት ላይ አስተኟት። ተኩሱ ከትልቁ ልጃቸው ስልክ ነበር። ልጁ ሳቀ፤ እሳቸው ግን እስኪነጋ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ ሰሓባዎች ጉዞ ላይ ሳሉ አንዱ ተኝቶ ነበር፤ ሌላው ገመዱን ሲወስድበት ደንግጦ ነቃ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድለት ተናገሩ። ይህ በገመድ ነው፤ ያውም በቀልድ። ጦርነት ባለፈበት ቤት፣ በሌሊት፣ እናትን በተኩስ ድምፅ ማስደንገጥስ? ለእናትህ ያለብህን ሐቅ ኢርፎን ብቻ አይወጣልህም፤ ግን ቢያንስ ከእሱ ጀምር።

ሦስተኛው ስለ መመለስ ነው። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ሁላችንም ከጌሙ ርቀን ነበር። ያ እረፍት በግድ የመጣ ነው፤ ኔትወርኩ ሲመለስ እኛም ያቆምንበት ቦታ ላይ ተመለስን። ዘንድሮ በረመዷን ግን ዳታ እያለህ፣ ስልኩ እጅህ ላይ እያለ፣ ለአላህ ብለህ ተውከው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማቆም እንደምትችል ለራስህ አሳይተሃል። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ሲያስገባ ከጠቀሳቸው ምልክቶች የመጀመሪያው ራስን መቆጣጠር አለመቻል ነው። አንተ ወር ሙሉ ተቆጣጥረሃል። ይህን ድል በዒድ ማግሥት በአንድ ስልክ ጥሪ አታስረክብ።

ጌሙ ቆይቶ ለተመለሰ ተጫዋች ስጦታ እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ፤ ልብስ፣ ሳንቲም፣ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚል ጽሑፍ። ድርጅቱ የሚፈልገው ጊዜህን ነው። አላህ ግን ካንተ ምንም ሳይፈልግ በመመለስህ ይደሰታል። በምድረ በዳ ምግቡንና ውሃውን የጫነች ግመሉ የጠፋችበትን ሰው ሐዲሥ አስታውሱ። ተስፋ ቆርጦ ዛፍ ሥር ተጋደመ፤ ቀና ሲል ግመሉ አጠገቡ ቆማለች፤ ከደስታው ብዛት ቃሉ ተምታታበት። ከዞብል ማዶ በረሃውን የምታውቁ፣ ግመል ከነውሃው መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ አይነገራችሁም። አላህ በባሪያው ተውበት ከዚያ ሰው በላይ ይደሰታል። ተውበት ማለትም መመለስ ነው። ጥያቄው እንግዲህ መመለስህ አይደለም፤ ወደ ማን ቀድመህ እንደምትመለስ ነው።

ለወንድማችን የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። የተውክ ብትሆን፣ ተወው፤ ወላሂ አይቆጭህም። ካልቻልክ ግን ከስኳድህ ጋር ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ። አዛን ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው አዲስ ዙር አይከፈት። አዛን ካለ ራንክ ይውረድ። ከዒሻ በኋላ ስልኩ ይቀመጥ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በኋላ ወሬን እንኳ ይጠሉ ነበር፤ የሱብሒ ጠላት ማምሸት ነው። ለሳጥን የምትከፍለው ብር ካለህ ለእናትህ ቡና ግዛበት። የሸዋልን ስድስት ቀን ያልጾማችሁ ደግሞ ወሩ ሳይወጣ ጹሙ።

አንድ ተጨማሪ። ሦስቱ ጓደኞችህ ስትጠራቸው የሚመጡ ከሆነ፣ አንድ ቀን ወደ መስጂድ ጥራቸው። የጀመዓ ሶላት ለብቻ ከሚሰገደው በ27 ደረጃ ይበልጣል። አራት ሆናችሁ ትከሻ ለትከሻ ቁሙ።

ወጣቱ ያን ዕለት ምንም አልመለሰልኝም፤ አመስግኖኝ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ግን መልእክት ላከልኝ፦ «ኡስታዝ፣ ዛሬ ዐሱርን በጀመዓ ሰገድን። ሁለታችን መጣን። ሁለቱ ገና ናቸው።»

አላህ ሁለቱንም ያምጣቸው። ያ ረብ፣ በረመዷን የሰጠኸንን ጽናት አትንሳን። ሶላታችንን የዓይናችን ማረፊያ አድርግልን። እናቶቻችንን ከድንጋጤ፣ ሀገራችንን ከጦርነት ጠብቅልን። አሚን።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ በነቢያችን ላይ ሶለዋት አብዙ። ይህንን ለስኳዳችሁ ልጆች አድርሱልን።