ጨጓራ አለብኝ

ኢትዮጵያ ውስጥ ምግብ እምቢ ለማለት ከጨጓራ የተሻለ ምክንያት የለም። ማንም አይመረምራችሁም። «ጨጓራ አለብኝ» ስትሉ ገበታው ላይ ካሉት ግማሾቹ «እኔም እኮ!» ይላሉ፣ አንዱ ተልባ ያዝላችኋል፣ ሌላው «በባዶ ሆድህ ሞቅ ያለ ውሃ ጠጣ» ይላል፣ ወሬው በዚያው ይሄዳል። እኔ በዚህች ቃል ተጠግቼ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖሬያለሁ። ውሸት ናት። ሙሉ በሙሉ ግን ውሸት አይደለችም፤ ያታለለችኝም በዚህ ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። ክብደቴ 141 ኪሎ ደርሶ፣ ስኳሬ ከፍ ብሎ፣ ማታ ስተኛ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ሲያስነሳኝ፣ ያጠራቀምኩትን ብር ይዤ ባንጋሎር ሄድኩና ጋስትሪክ ባይፓስ የሚባለውን ቀዶ ሕክምና አደረግኩ። አዳማ ላለው ቤተሰብ «ለሥልጠና ነው የምሄደው» አልኩ። ሶፍትዌር ለሚሠራ ሰው ባንጋሎር ሄዶ መሠልጠን ማንንም አያጠራጥርም። ሐኪሞቹ ከጨጓራ ላይኛው ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ይለያሉ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሉት። ከዚያ እሷን ከትንሹ አንጀት ጋር በአቋራጭ ያገናኟታል። ዋናው ጨጓራ ወጥቶ አይጣልም። እዚያው ይቀመጣል፣ ምግብ ብቻ አያልፍበትም።

የዚህን ሕክምና ታሪክ ሳነብ ሳቄ መጣ። ኤድዋርድ ሜሰን የሚባል የአሜሪካ ቀዶ ሐኪም፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አይዋ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ በጨጓራ ቁስለት ምክንያት ጨጓራቸው በከፊል የተቆረጠ ሴቶች ክብደት መጨመር እንደሚያቅታቸው አስተዋለ። የባይፓስ ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ «ጨጓራ ነው» ስል ቢያንስ የዘር ሐረጉን አልሳትኩም እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ሰው ውሸቱን ለማቆንጀት የማይቆፍረው ጉድጓድ የለም።

ከዚያ በኋላ መብላት ሌላ ሥራ ሆነ። እንጀራ በደንብ ካልታኘከ እንደ ሊጥ ተሰብስቦ ደረቴ ላይ ይቆማል፤ ምራቄ አረፋ ይሆናል፣ ወይ ይወርዳል ወይ ይመለሳል። ጥብስ ጭራሽ አይታሰብም። ከምግብ ጋር ውሃ አልጠጣም፤ ከበላሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም ዕድሜ ልክ የሚዋጡ ናቸው። ይሄ ሁሉ ይለመዳል፣ ብዙ አላወራበትም።

ያልለመድኩት ስኳርን ነው። ጣፋጭ ነገር ያለ በረኛ በቀጥታ አንጀት ውስጥ ይገባል፣ አንጀቱ ከደም ውሃ ይስባል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ልቤ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ የግድ መጋደም አለብኝ። ሐኪሞች ዳምፒንግ ሲንድረም ይሉታል። ያሳደጉኝ አክስቴ፣ እትዬ፣ ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ደግሞ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነው! በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ሥራ ያስጀመረው ፋብሪካ። እትዬ ቤት ሻይ ሦስት ማንኪያ ነው። ሁለት ማድረግ እንግዳ መናቅ ይመስላቸዋል።

ወንጂ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እዚያ ያደጉ ሰዎችን ጥርስ አይታችሁ ይሆናል፣ ቡናማ የሆነ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ልጅ ሆኖ የጠጣው ሰው ጥርሱ ላይ ይቀራል። «ውሃው ነው» ይላል፣ ያበቃል፣ ማንም አይፈርድበትም። የእኔ ግን ውሃው አይደለም። ፈርሜ፣ ከፍዬ የገባሁበት ነው። እትዬ የ1977ቱን ረሃብ የሚያስታውሱ ሰው ናቸው። «መብላት እንዳልችል ብር ከፈልኩ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በየትኛው አፌ ልንገራቸው? ደግሞስ ታምሜ ሳይሆን መርጬ ለሆንኩት ነገር፣ ሰው በየገበታው እንዲጠነቀቅልኝ የመጠየቅ መብት አለኝ ወይ? (ታምሜም ነበር። ግን ውፍረትን በሽታ ነው ብሎ የሚቀበል ሰው እስቲ አምጡልኝ።)

ስለዚህ ዋሸሁ። እሑድ እሑድ ፍራንኮ ከተከራየሁባት ቤት ወደ እትዬ ጋ እሄዳለሁ፣ ጉርሻው ይመጣል፣ «በሞቴ!» ይመጣል። ጉርሻን እምቢ ማለት ምግብ እምቢ ማለት አይደለም፤ እጃቸው አየር ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ዓይናችሁን ያያሉ። «አይስማማኝም» እኛ ገበታ ላይ በቂ መልስ አይደለም፣ የበሽታ ስም ይፈልጋል። ስሙን ሰጠኋቸው።

እትዬ ደግሞ ስም ከተሰጣቸው እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። ለጨጓራ መድኃኒቱ ወተት ነው ብለው ያምናሉ። ሁለት ላም ካላቸው ጎረቤታቸው፣ እኔ ልጅ ሆኜ ጀምሮ ወተት ከሚያመጡላቸው እናት፣ ለእኔ ተጨማሪ ሊትር አስመዘገቡ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወተት ጭራሽ አልስማማ ብሎኛል፤ የወተቱን ስኳር ሆዴ አይፈጭልኝም። እርጎ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ሲረጋ ስኳሩ ይቀንሳል። ግን ጨጓራ ያለበት ሰው የተፈላ ወተት እምቢ ካለ ጨጓራው ምን ዓይነት ነው? ጠጣሁ። ሦስት እሑድ ጠጣሁ፣ ሦስቱንም እሑድ እትዬ መጸዳጃ ቤት ተቆልፌ አመሸሁ።

በአራተኛው እሑድ ስሄድ ወተት የለም። «ተጣላን» አሉ እትዬ። «ውሃ ነው የምትቀላቅልበት፣ ልጄን ልትገድልብኝ! በሰፈሩ ፊት ነገርኳት።»

በሥራዬ አንድ የማውቀው ነገር አለ። ሲስተም ሲበላሽ ሎጉ ምንም ካልጻፈ ትቸገራላችሁ፣ ግን ትፈልጋላችሁ። ሎጉ የተሳሳተ ነገር ከጻፈ ደህናውን ኮድ ታፈርሳላችሁ። እትዬ ያደረጉት ይሄንኑ ነው፤ ሎጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ካንት በ1797 (እ.ኤ.አ.) በጻፈው አጭር ጽሑፍ፣ ነፍሰ ገዳይ እንኳ ደጃችሁ መጥቶ የተደበቀው ጓደኛችሁ የት እንዳለ ቢጠይቃችሁ መዋሸት የለባችሁም ይላል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ስቀንበታል፣ አሁንም ያበዛዋል ባይ ነኝ። ግን እዚያው ውስጥ ያለፍኳት ነጥብ ነበረች፦ የዋሸ ሰው፣ አስቀድሞ ሊያውቀው ባይችልም፣ ከውሸቱ ለሚከተለው ነገር ተጠያቂ ነው። ነፍሰ ገዳዩን እርሱት። ወተት ይዘው በሩን የሚያንኳኩትን እናት አስቡ።

ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር የእኔ ጉዳይ ነው፤ አክስትም ብትሆን የማወቅ መብት የላትም። ይሄን አሁንም አምናለሁ። ዝም ማለት እችል ነበር። «የሐኪም ትእዛዝ ነው፣ ዝርዝሩን አይጠይቁኝ» ብል ያኮርፉ ነበር፣ ኩርፊያ ደግሞ ያልፋል። እኔ ግን ኩርፊያቸውን ፈርቼ ፍቅራቸውን በተሳሳተ አድራሻ ላክሁት። በሽታ ካልተባለ እምቢታን የማይቀበል ባህል የራሱ ድርሻ አለው ልል ነበር። አለውም። ግን ሰፈር መሐል የተሰደቡት ሴትዮ ባህሉን አያውቁትም፣ የሚያውቁት እትዬን ነው።

በዚያው ቀን ነገርኳቸው። ወረቀት ላይ ሥዕል ሠርቼ፣ ከረጢቷን፣ አንጀቱን። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ስንት እንደከፈልኩ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። አልጠየቁም።

«ይሄ ትልቁስ?» አሉ ሥዕሉ ላይ በጣታቸው እየነኩ።

«እሱ እዚያው ነው፣ እትዬ። አሲድ ያመነጫል፣ ምግብ ግን አይደርሰውም።»

«እየራበው ነዋ።»

ሳይንሱን ላስረዳቸው ጀመርኩ። ተውኩት።

በማግስቱ አብረን ጎረቤትየዋ ጋ ሄድን። «የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ ምንም አላወቁም» አልኩ። ቡና አፈሉልን። እትዬ ጉልበታቸውን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ያዟቸው፣ «ተይው፣ አለፈ» አሉ። ስንነሳ እትዬ ስለ ወተቱ አነሱ። ለአንድ ጁስ ቤት ተሰጥቷል፣ ሁሉም። በወር ነው የሚከፍሏቸው፣ ቃላቸውን ማጠፍ አይፈልጉም።

አሁን እሑድ ስሄድ ከባቱ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ ተቀቅሎ፣ እሾሁ ተለቅሞ፣ በቡና ስኒ ማስቀመጫ ይጠብቀኛል። ጉርሻውም አልቀረም፣ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ለእትዬ የፓኬት ወተት ገዝቼ እሄዳለሁ። አይወዱትም።