የምናውቀው ሰይጣን

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላሉ አባቶች። ለጉርብትና መልካም ምክር ይሆን ይሆናል። መንግሥታት የኃይል ምንጭ ሲመርጡበት ግን ዋጋው ስንት ነው? ይህን እንድጠይቅ ያደረገችኝ ጀርመን ናት።

እ.ኤ.አ. በማርች 2011 በጃፓን የፉኩሺማ ኑክሌር ጣቢያ አደጋ ሲደርስ ጀርመን 17 የኑክሌር ማብላያዎች ነበሯት። ስምንቱን ወዲያው ዘጋች፤ የመጨረሻዎቹን ሦስቱን አፕሪል 15 ቀን 2023 አጠፋች። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ፖሊስ ሉትዘራት ከምትባል ትንሽ መንደር ተቃዋሚዎችን እየጎተተ ያስወጣ ነበር፤ ከመንደሪቱ ሥር ያለው የድንጋይ ከሰል ሊቆፈር! እርግጥ ጀርመን በነፋስና በፀሐይ ኃይል ብዙ ተራምዳለች። ሆኖም ከዚያ ንጹሕ ኃይል ከፊሉ ከሰሉን በማስወገድ ፈንታ የተዘጋውን ኑክሌር ለመተካት ዋለ።

ፍርሃቱ ከንቱ ነው አልልም። በ1986 ቼርኖቤል ሲፈነዳ የአንድ ከተማ ሕዝብ እንዳለ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት ይፋ ያደረገው ጥናት፣ ለጨረሩ ይበልጥ ከተጋለጡት መካከል በመጨረሻ እስከ 4,000 ሰዎች ሊሞቱ እንደሚችሉ ገምቷል። ይኸው ድርጅት የውጭ አየር ብክለት በ2019 ብቻ 4.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያለ ዕድሜያቸው እንደቀጠፈ ይገምታል። ጥፋቱ ሁሉ የከሰል አይደለም፤ ድርሻው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ታዲያ አንዱ ሲያስደነግጠን ሌላው ለምን ያስተኛናል? እሳት የበላው ቤት መንደሩን ሁሉ ያስለቅሳል። እናቶቻችንን በየማዕድ ቤቱ ሲያስል የኖረውን ጭስ ግን ማን ገዳይ ብሎ ጠራው? ለለመድነው ሞት ሙሾ አናወርድም።

እኔን የሚከብደኝ የዝቃጩ ጥያቄ ነው። ለብዙ ሺህ ዓመታት አደገኛ ሆኖ የሚቆይ ነገር ላልተወለዱት ማውረስ ተገቢ ነውን? ፊንላንዶች ከ400 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት፣ ዐለት ፈልፍለው መቀበሪያ አዘጋጅተውለታል። የከሰሉስ ካርቦን? እርሱም ከፊሉ ለሺህ ዓመታት በአየር ላይ ይቆያል፤ ነገር ግን መቃብርም ጠባቂም የለውም። ያልተወለዱትን ሳንጠይቅ የምናወርሳቸው ሁለቱንም ነው፤ ልዩነቱ አንዱን አሽገን፣ ሌላውን በትነን መሆኑ ነው።

ኑክሌር መልአክ አይደለም። ይሁንና ሰይጣኑን ስለለመድነው ብቻ ከቤታችን እንዲቆይ መፍቀድ ጥንቃቄ ሊባል አይገባውም፤ ስንፍና ነው።