ከጤነኛ ልጅ የተጠየቀ ሁለት ጠብታ



ልጃችን ጤነኛ ነው። መርፌውን በየጊዜው ወስዷል፤ በሽታው ሽባ ያደርገዋል ብለን አንሰጋም። እንግዲያውስ «አንድ ክትባት ይጨመርለት፤ ጥቅሙ ግን በአብዛኛው ለሌላ ሰው ልጅ ነው» ብንባል እሺ ማለት ይገባናልን? ይህ ለክርክር ሲባል ብቻ የተፈጠረ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በእስራኤል አገር ትንሽ ልጅ ለነበረው ወላጅ ሁሉ የቀረበ ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚህ አገር ከ1989 ጀምሮ ከከተሞች የፍሳሽ ውሃ ናሙና እየተቀዳ የፖሊዮ ማለትም የልጅነት ልምሻ ቫይረስ እንዳለበትና እንደሌለበት ይመረመራል። ቫይረሱ ያደረበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አንዳች ሕመም ሳይታይበት በሰገራው ያወጣዋል። ስለዚህ ሐኪም ከማየቱ በፊት ፍሳሹ ይናገራል። በ2013 በደቡብ አውራጃ፣ በራሃትና በቤርሼባ ፍሳሽ ውስጥ ቫይረሱ ተገኘ። ሆኖም ሽባ የሆነ አንድም ሰው አልነበረም፤ አብዛኞቹ ልጆች በቲፓት ሐላቭ በመርፌ ተከትበው ነበርና።

ታዲያ ልጆቹ ከተከተቡ ቫይረሱ እንዴት ሊዛመት ቻለ? መርፌው ልጁን ከሽባነት ያድነዋል፤ ቫይረሱ በአንጀቱ ውስጥ እንዳይራባ ግን አጥብቆ አይከለክልም። በአፍ የሚሰጠው ጠብታ ይህንን መንገድ ይበልጥ ይዘጋል። እስራኤል ደግሞ ከ2005 ጀምሮ ጠብታውን ትታ በመርፌው ብቻ ትጠቀም ነበር። በዚህ ምክንያት ጤነኛ ልጅ ሳያውቀው ቫይረሱን ገና ላልተከተበ ሕፃን ወይም በሽታን የመቋቋም ኃይሉ ለደከመ ሰው ሊያስተላልፍ ይችል ነበር። በኦገስት ወር መጀመሪያ በደቡብ፣ ቀጥሎም በመላ አገሪቱ፣ ከ2004 ወዲህ የተወለዱና ቢያንስ አንድ ጊዜ መርፌ የወሰዱ ልጆች ሁለት ጠብታ እንዲሰጣቸው ወላጆች ተጠየቁ።

«ልጄ ራሱ ምን ይጠቀማል?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ አይወቀስም። ልጅ በአደራ የተሰጠን ነው፤ ሕፃኑም ስለ ራሱ እሺ ወይም እምቢ ሊል አይችልም። ይሁን እንጂ ያው ልጅ ሌሎች ሰዎች ከፍለው ባቆዩለት ጤና ውስጥ እንደሚኖር መዘንጋት የለብንም። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉ ብዙ ሰዎች በክንዳቸው ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አላቸው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው በ1976 ነው። በ1980 ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ልጆቻችን ያ ጠባሳ የሌለባቸው፣ በማያውቋቸው ሰዎች ክንድ ላይ ስላረፈ ነው። ይህንን ዕዳ ለእነዚያ ሰዎች መልሰን ልንከፍላቸው አንችልም። ልንከፍል የምንችለው ከእኛ በኋላ ለሚመጣው፣ ወይም አጠገባችን ላለው ደካማ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። ሸክሙ ለሁሉም ሲከፋፈል ይቀላል። ነገር ግን ምሳሌው የሚሠራው ሃምሳውም ሰው አንዳንድ ሎሚ ሲይዝ፣ የያዘውንም ምን እንደሆነ ሲያውቅ ነው። እኛ ይህንን ከማንም ይልቅ እናውቃለን። በጃንዋሪ 1996 ከኢትዮጵያ የመጡ ዖሊም የለገሱት ደም ለዓመታት ሳይነገራቸው ሲጣል መኖሩ በጋዜጣ ወጣ። የተሰጠውም ምክንያት የኤድስ ሥጋት ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም ቁጣቸውን ለማሰማት ወጡ። ደምን መመርመርና መጠንቀቅ ተገቢ መሆኑን የካደ አልነበረም። ያቆሰለን በአንድ ሕዝብ ላይ ብቻ፣ ያውም በስውር መደረጉ ነው።

ከሁለቱ ታሪኮች መለኪያ ማግኘት እንችላለን። የጤና ባለ ሥልጣን ስለ ሌላው ሰው ብለን አንድ ነገር እንድናደርግ ሲጠይቀን፣ መጀመሪያ ጥያቄው ለሁሉም እኩል መሆኑን እንይ። ቀጥሎም ምክንያቱ በግልጽ የተነገረን መሆኑን እንመርምር። በመጨረሻም በልጁ ላይ የሚመጣው አደጋ እጅግ ትንሽ መሆኑንና ሊጎዳ የሚችለው ሰው ተለይቶ መጠበቁን እንጠይቅ። በ2013 ጠብታው ለአረቡም ለአይሁዱም፣ ለነባሩም ለአዲስ ገቢውም ልጅ ቀረበ። አስቀድሞ መርፌ ለወሰደ ልጅ ብቻ እንዲሰጥ የተደረገው ከጠብታው ሊመጣ ከሚችለው ጉዳት እንዲጠበቅ ነው። የመከላከል ኃይሉ ለደከመ ልጅ፣ ወይም እንዲህ ያለ ሰው በቤቱ ላለው ልጅ አልተሰጠም። ወላጅም ተጠየቀ እንጂ አልተገደደም። ስለዚህ ያ ጥያቄ እሺ ሊባል የሚገባው ነበር እንላለን። ከዘጠኝ መቶ ሺህ በላይ ልጆች ጠብታውን ወሰዱ፤ በ2014 ቫይረሱ ከፍሳሹ ጠፋ፤ አንድም ሰው ሽባ አልሆነም።

የተበደለ ሰው መጠራጠሩ አያስደንቅም። ነገር ግን ጥርጣሬያችን ከጥያቄ አልፎ በር መዝጋት ሲሆን የሚጎዳው የበደለን ባለ ሥልጣን አይደለም፤ የጎረቤት ሕፃን ነው፤ የራሳችንም ሊሆን ይችላል። በ2022 በኢየሩሳሌም ክትባት ያልወሰደች አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ በፖሊዮ ሽባነት አገኛት። በዚህ አገር ከ1988 ወረርሽኝ ወዲህ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አልታየም ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አነጋገር ለሁለቱም ወገን ነው። ባለ ሥልጣኑ ያወቀውን አይደብቀን፤ እኛም ከእርሱ አንሸሽ። የአውራጃው የጤና ቢሮ፣ ልሽካት ሀብሪዑት የሚባለው፣ ተላላፊ በሽታ በታየ ጊዜ ደውሎ «ማን አብሮት ነበር?» ቢል እውነቱን እንንገረው፤ «ለምን ትጠይቁናላችሁ?» ብለንም እንጠይቀው። የልጆቻችንን የክትባት ደብተር ይዘን ወደ ቲፓት ሐላቭ እንሂድ፤ ነርሷ የምትለው ካልገባን በአማርኛ የሚያስረዳን ሰው እንዲቀርብልን እንጠይቅ። ሳይገባው ክንዱን የሚዘረጋ ሰው ታዘዘ ይባላል፤ ገብቶት የሚዘረጋው ግን ጎረቤቱን ረዳ ይባላል። እኛም ከረዱት ወገን እንሁን እንላለን።