ለጎረቤቴ ሟች ማጎንበስ

እናቴ ያረፈችው በኅዳር ነው። ለቅሶው አዲስ አበባ፣ እኔ ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ። በሰፈሩ ያሉት ሐበሾች ሥራቸውን ጨርሰው እስኪሰባሰቡ ድረስ አንዲት ጃፓናዊት ጎረቤታችን ቀድመው ደረሱ። ነጭ አበባ ይዘው ገቡ፤ በእናቴ ፎቶ ፊት ተንበርክከው መዳፋቸውን ገጥመው አጎነበሱ። ሐዘንተኛ በአዲስ ዓመት ወደ ሺንቶ መቅደስ እንደማይሄድ፣ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድም እንደማይልክ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ዘመኑ ሲለወጥም በደጄ ሲያልፉ የደስታውን ሰላምታ ትተው ዝም ብለው እጅ ነሱኝ።

ግራ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለቅሶ የደረሰ ሰው ይደረስለታል። የሴትዮዋም ባል ሞተዋል። ፎቷቸው ያለው ቡትሱዳን ከሚሉት የእንጨት ቁምሳጥን አጠገብ ነው፤ በቁምሳጥኑ መካከል ደግሞ የቡድሃ ምስል ተቀምጧል። እዚያ ፊት ባጎነብስ ምን አደረግሁ ይባላል?

ለንስሐ አባታችን ደወልኩ። «ጣዖት ነው፤ ልጆችሽን እንዳታስጠጊ» አሉኝ። ለምን ብዬ ሳልጨርስ ተቆጡ። በልጅነቴ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችንም እንዲሁ ነበሩ፤ ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ለእሳቸው ደፋር ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ክልከላቸው አይደለም፤ ምክንያት መንፈጋቸው ነው።

ነገሩን ያባባሱት ልጆቼ ናቸው። እዚህ አገር ዲሴምበር 25 የሥራ ቀን ነው፤ ሆኖም ከተማው በመብራት ይጥለቀለቃል፣ ቤተሰቡ የተጠበሰ ዶሮና እንጆሪ የተደረደረበት ነጭ ኬክ ይበላል። ለእኛ ዕለቱ ታኅሣሥ 16፣ የነቢያት ጾም ነው። ታናሺቱ ክርስቶስን የማያመልኩት ሲበሉ እኛ ለምን እንጾማለን አለችኝ። ይህ አላስቸገረኝም፤ ኬክ መብላት እምነት አይደለም፣ እነሱም ነው አይሉም አልኳት። ታላቂቱ ግን ቀበል አድርጋ፣ «እማዬ፣ ኬኩ እነሱን ክርስቲያን ካላደረጋቸው፣ ማጎንበሱ እኛን ለምን ቡዲስት ያደርገናል?» አለች።

መጽሐፍ ገለጥኩ። አብርሃም ሣራ ሞታበት መቃብር ሲለምን ለአገሩ ሰዎች፣ ለኬጢ ልጆች ሰግዷል። በሐዘን ላይ የነበረ ስደተኛ ለባለ አገሮቹ አጎነበሰ፤ ጣዖት አመለከ ያለው ግን የለም። ቤተ ክርስቲያናችንም የአምልኮን ስግደት ከአክብሮት ስግደት ትለያለች።

ናጋሳኪ ባትኖር ኖሮ እዚህ ላይ ባረፍኩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1597 በዚያች ከተማ 26 ክርስቲያኖች ተሰቀሉ፤ በ1614 እምነቱ በመላ አገሪቱ ታገደ። ከዚያም የናጋሳኪ ሕዝብ በየአዲስ ዓመቱ እየተጠራ የክርስቶስን ወይም የእመቤታችንን ምስል በእግሩ እንዲረግጥ ይደረግ ነበር፤ ፉሚኤ ይሉታል። እምቢ ያለ ለሥቃይና ለሞት ይሰጣል። ልብ ንጹሕ እስከሆነ አካል ያደረገው ምንም ካልሆነ፣ እነዚያ ሰማዕታት በከንቱ ሞቱ ማለት ነው። ይህን አፌ አይደፍርም።

የባሰም አለ። በዚያው ዘመን እያንዳንዱ ቤተሰብ ክርስቲያን አለመሆኑን በቡድሃ ቤተ መቅደስ ተመዝግቦ ማስመስከር ነበረበት፤ ቡትሱዳን በየቤቱ ከተስፋፋባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። እኔ ፊቱ ላጎነብስ የማስበው ቁምሳጥን በክርስቶስ ላይ ምስክር ሆኖ ያውቃል! የንስሐ አባታችን ይህን ቢነግሩኝ ኖሮ አንገቴን ደፍቼ በሰማሁ። አልነገሩኝም፤ ፈልጌ ያገኘሁት ራሴ ነኝ።

እየረገጡ ያመኑም ነበሩ። ቤታቸው ገብተው የንስሐ ጸሎት ይደግማሉ፤ ካህን ሳይኖራቸው ጥምቀትን እያወረሱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው፣ በ1865 በኦኡራ ቤተ ክርስቲያን ለፈረንሳዊው ካህን ለፐቲዣን ራሳቸውን ገለጡ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሬ ቢሰሙ እነዚህን ከሃዲ ብለው ያልፏቸው ነበር። እኔ ሰማዕታቱን አከብራለሁ፣ እነዚህንም መኮነን አልችልም።

ብዙ ከታገልኩ በኋላ ልዩነቱ የታየኝ መሰለኝ። ሹሙ ርገጥ ሲል ክህደትን እየጠየቀ ነበር፤ አስረጋጩም ረጋጩም ያንን ያውቁታል። ጎረቤቴ ግን ምንም አልጠየቁኝም፤ ባጎነብስ ባላቸውን እንዳከበርኩ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ ድርጊቱ የሚመዘነው ብቻዬን በልቤ በያዝኩት ሳይሆን በሁለታችን መካከል በሚታወቀው ነው። ከፎቶው አጠገብ ስላለው ቡድሃ ግን እስካሁን የሚያሳርፍ መልስ የለኝም።

ጃንዋሪ 7 የእኛ ገና ነው። በቶኪዮ ያን ዕለት የአዲስ ዓመቱ የጥድ ጌጥ ይነሣል፤ ሰባት ዓይነት ቅጠል የገባበት ለስላሳ የሩዝ ገንፎም ይበላል። ሐዘን ላይ ብሆንም ለልጆቹ ስል ዶሮ ሠርቼ ነበርና ለጎረቤቴ ይዘን ገባን። በቡትሱዳኑ ፊት ያለውን ዕጣን አልለኮስኩም፣ ደወሏንም አልነካሁም። ወደ ባላቸው ፎቶ ዞሬ አጎነበስኩና በልቤ ነፍስ ይማር አልኩ፤ ልጆቼም ተከተሉኝ።

ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይቆጠር፤ ልጆቼ ያደረጉት ያዘዝኳቸውን ነው። ንስሐ ግቢ የሚለኝ አባት ግን መጀመሪያ ስለ አብርሃም ይመልስልኝ፤ ስለ ናጋሳኪም አንብቦ ይምጣ። አሳማኝ ምክንያት ካመጣ እሰማለሁ። ቁጣ ብቻ ይዞ ከመጣ ግን ለቅሶ የደረሱልኝን ሴት መድረሴን አልተውም።